የቡና ቤቷ እኅታችን ጤና የቤታችንም ጤና ነው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች ሾፌሩ ያድራል፤ የበርበሬ ነጋዴው ይሰነብታል፤ ገበሬውም እህሉን ሸጦ ጠጅ ቤት ጎራ ይላል። በሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደሩ እኅቶቻችን ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይገናኛሉ። ወንዱ ግን በማግሥቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የእነርሱ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አንችልም።

በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መጀመሪያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1980 ዓ.ም. በ23 ከተሞች በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከመቶ 17 ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ዛሬ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሌሎቹ የአባለ ዘር በሽታዎች ተዘንግተዋል።

ጨብጥ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሳይታከም ከቆየ መካን ሊያደርግ ይችላል፤ በወሊድም ጊዜ የሕፃኑን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቂጥኝ ደግሞ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ሁለቱም በወቅቱ ከታከሙ ይድናሉ። ነገር ግን በሕክምና ቦታ የተገላመጠች ሴት ተመልሳ አትሄድም። ጥቂት ፍሬ ኪኒን ገዝታ ትውጥና ሻል ሲላት ታቋርጣለች። በሽታውም ተደብቆ ይቀራል።

ስለዚህ ትምህርቱ እርሷ ካለችበት ቦታ መሄድ አለበት። ይህንንም የተሻለ የሚሠሩት ከራሳቸው ከሴቶቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑት ናቸው። ጓደኛቸው ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ያውቃሉ፤ ያለኮንዶም ብዙ እከፍላለሁ የሚለውን ደንበኛ እንዴት እንደሚመልሱት ያውቃሉ። ረፋድ ላይ ቡና እየጠጡ ያስተምራሉ፤ የፈራችውንም ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ።

የቡና ቤት ባለቤት የሆንሽ እኅቴ፣ ኮንዶም ከየክፍሉ እንዳይጠፋ አድርጊ፤ ያለኮንዶም አልተኛም ያለችውንም ልጅ አታስገድጂ። የጤና ባለሙያው ወንድሜ፣ ምሥጢሯን ጠብቅላት። ባለትዳሯ እኅቴ ደግሞ ሕመም ባይሰማሽም ከባለቤትሽ ጋር ተመርመሪ። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ይመለሳልና አብራችሁ ታከሙ። የቡና ቤቷን ልጅ በመስደብ ከቤታችን የሚወጣ በሽታ የለም።