አልገባም ያለ ስፒና ምክንያት አለው

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ጄኔሬተር የተነሳ ቀን ማከፋፈያዋን ጠጋ ብላችሁ አይታችኋል? ግራይንደሩ፣ ድሪሉ፣ ቫይብሬተሩ ሁሉም ከእሷ ላይ ነው። አንዱ ስፒናው ተቆርጦ ሁለት ራቁት ሽቦ ቀርቶ በክብሪት እንጨት ተወትፏል። ሌላው ከአሮጌ ቴፕ የተቆረጠ ስፒና ተቀጥሎለት በናስትሮ ተጠቅልሏል። የእንግሊዙ ሶኬት ደግሞ ባለ ሁለት እግር ስፒና አላስገባ ሲል የላይኛው ቀዳዳው በካቻቢቴ ተጎርጉሯል። ይህን ሁሉ «ብልሃት» ብለን ነው የምንጠራው።

እኔ ብልሃት ነው አልልም። ስፒናና ሶኬት ቅርጻቸው የተለያየው ፋብሪካዎቹ እኛን ለማስቸገር አይደለም። ቅርጹ ራሱ መልእክት ነው፦ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር፣ ኧርዝ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም። አልገባም ሲል «ቆይ፣ አንድ ነገር አጣራ» እያለን ነው። እኛ ግን ሳንሰማው በፒንሳ እንቆርጠዋለን።

በቮልቱ ልጀምር። እኛ አገር 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ወይም በኮንቴይነር የሚልከው መሣሪያ ግን አብዛኛው 120 ቮልት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒናው እኛ ክብ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ እሰየው ነው። ችግሩ ሁሉንም ዓይነት ስፒና የሚቀበል ማከፋፈያ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ጠፍጣፋውንም ክቡንም ይውጣል። እና ያ ግራይንደር ሲሰካ ምን ይሆናል? ሞተሩ ከመቃጠሉ በፊት ከታሰበለት በላይ ይሽከረከራል። የግራይንደር ዲስክ ላይ ከፍተኛው ዙር ተጽፏል፤ ትልቁ የ230 ሚሊሜትር ዲስክ በደቂቃ 6,600 ዙር ገደማ ነው የሚችለው። ከዚያ ሲያልፍ ሊፈነዳ ይችላል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ የሰው ዓይንና አንገት ነው። ተቃጠለ ብለን የምናዝንለት ማሽን እኮ ትንሹ ኪሳራ ነው።

ወደ አምፒሩ ስንመጣ፣ 2,200 ዋት የሚወስድ ግራይንደር በ220 ቮልት 10 አምፒር ይስባል። ለሞባይል ቻርጀርና ለትንንሽ ዕቃ የተሠራችው ጠፍጣፋዋ ባለ ሁለት እግር ስፒና የተፈቀደላት 2.5 አምፒር ብቻ ነው። በዚህች ላይ አራት እጥፍ ሲጫንባት ትግላለች፣ ትቀልጣለች፣ ከዚያ እሳት። የጄኔሬተሩ ብሬከር ደግሞ አያድናትም፤ ለ16 አምፒር የተሠራ ብሬከር 10 አምፒር ሲያልፍበት ሥራው በሰላም እየሄደ ነው የሚመስለው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የኧርዙ ነገር ነው። «ጄኔሬተር እኮ እንደ መብራት ኃይል አይደለም፣ አይገድልም» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? ውሸት ነው። 220 ቮልት ከየትም ይምጣ 220 ቮልት ነው። ቢጫና አረንጓዴ የሆነችው ሽቦ የማሽኑን ብረት ከጄኔሬተሩ አካል ጋር ታገናኛለች። ኒውትራሉ ከአካሉ ጋር በታሰረ ጄኔሬተር ላይ፣ ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ከነካ ኮረንቲው በእሷ በኩል ይመለስና ብሬከሩን ያወርደዋል። ኧርዟ ከተቆረጠች ግን የሚመለስበት መንገድ የሠራተኛው እጅና እግር ነው። ኒውትራሉ ባልታሰረ ትንሽ ጄኔሬተር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ብልሽት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ሌላ ማሽን ላይ ሁለተኛው ሲጨመር ነው ጉዱ። ሰውን ለመግደል ከ1 አምፒር በታች ይበቃል፤ ይህ ደግሞ ለብሬከሩ ምንም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ያ ሁሉን የሚቀበል ማከፋፈያ ሌላም ጉድ አለው። የጀርመኑ ክብ ወፍራም ስፒና ኧርዙ በጎንና በጎኑ ያለው ብረት ነው። እዚያ ማከፋፈያ ላይ ሲሰካ ሁለቱ እግሮች ይገባሉ፣ ማሽኑ ይነሳል፣ የጎኑ ብረት ግን ምንም አይነካም። ኧርዝ አለው ብለን እናምናለን፤ የለውም። ኧርዝ የማያስፈልገው ማሽን አለ፤ እሱ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ አራት ማዕዘን ተስሎበታል። ያ ምልክት ከሌለና ማሽኑ በኧርዝ የመጣ ከሆነ ኧርዙ ግዴታ ነው።

«ሳይት ላይ ጊዜ የለም፤ ለአንድ ስፒና ብለን መርካቶ ልንሄድ ነው?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ ምንም አልሆንም» የሚልም አይጠፋም። ምንም ያልሆነው የሚናገር ሰው ነው፤ የሆነው አይናገርም። ጊዜውን በተመለከተ ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በፊት የማሽኖቹን ዝርዝር ይዞ ስፒና መግዛት የማንንም ሥራ አያስቆምም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ስለዚህ ነገሬን የቀን ሠራተኛው ላይ አልጥልም። ሽቦውን የሚወትፈው እሱ ነው፣ የሚያዘውም የሚያተርፈውም ግን ሌላ ሰው ነው። «በቃ ቀጥለህ አስነሳው» የሚለው ፎርማን ነው፤ ፎርማኑን የሚያጣድፈው ኮንትራክተሩ ነው። ብረትና ሲሚንቶ በሚሊዮን ገዝቶ ለስፒና ግን እጁ የሚያጥር ባለቤት፣ ቁጠባ ሳይሆን የሌላ ሰው ልጅ ላይ ቁማር ነው የያዘው።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም፦

– ማሽኑ ሰሌዳ ላይ ቮልቱንና ዋቱን አንብቡ። ጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ የተጻፈውንም አንብቡ።
– ቮልቱ አንድ ሆኖ ቅርጹ ብቻ ከተለያየ፣ አምፒሩን የሚችልና ኧርዝ የሚያስተላልፍ አዳፕተር ግዙ፤ ወይ ኤሌክትሪሻን ስፒናውን ሦስቱንም ሽቦ አስሮ በትክክለኛው ይተካው።
– ቮልቱ ከተለያየ ስፒና መቀየር መፍትሔ አይደለም። ለማሽኑ ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ያ ከሌለ ማሽኑ ይቀመጥ።
– ትሪ ፌዝ ጄኔሬተር ላይ ራቁት ሽቦ በቀጥታ አትሰሩ። ኒውትራል ነው ብላችሁ የያዛችሁት ሌላ ፌዝ ከሆነ 380 ቮልት ነው የሚጠብቃችሁ።
– 30 ሚሊአምፒር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ አስገጥሙ፤ ከእናንተ ጄኔሬተር ጋር በትክክል እንዲሠራ ግን በባለሙያ ይታይ።

ኮንትራክተር፣ ፎርማን ወይም ቤቱን የሚያሠራ ዘመድ ያላችሁ ይህን አሳዩት። ነገ ጠዋት ጄኔሬተሩ ከመነሳቱ በፊት ማከፋፈያዋን አንዴ ዝቅ ብሎ ይያት።