የማይታየውን ጨረር ስለሚለካ አዲስ መሣሪያ

እሳት ሲነካው ሰው እጁን ይሰበስባል፤ ሕመሙ ያስጠነቅቀዋልና። የራጅን ጨረር ግን ዓይን አያየውም፤ ጆሮም አይሰማውም፤ በሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ጕዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህ በጨረር ሥራ ላይ ለሚውል ሰው መለኪያው እንደ ዓይኑ የሚቈጠር ነው።

ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በ1895 ነው፤ (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው)። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በጨረሩ ተቃጥሎ፤ ክንዶቹም ተቈርጠው፤ በ1904 ሞተ። በ1936 በሐምቡርግ ከተማ በራጅና በራዲየም ሥራ ለሞቱ ሰዎች ሐውልት ሲቆም የተቀረጹት ስሞች ከመቶ በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ የተቀበሉትን መጠን የሚነግራቸው መለኪያ አልነበራቸውም።

ዛሬ ልኩ ታውቋል። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የወሰነው የአምስት ዓመቱ አማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት፤ በአንዱም ዓመት ከ50 እንዳያልፍ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው በደረቱ የሚያንጠለጥላት ባጅ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ተሰብስባ በላቦራቶሪ ካልተነበበች ምንም አትናገርም። ወዲያው የሚናገር የሲሊኮን መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን ለሁሉ እንዲዳረስ አያደርገውም።

አሁን ሊቃውንት የሚደክሙበት ከካርቦን ውሑዶች የሚሠራው ኦርጋኒክ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ነው። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክን ማስተላለፍ እንዲችል መደረጉ በ1977 ታውቆ፤ ሦስት ሊቃውንት በ2000 የኖቤልን ሽልማት አግኝተውበታል። ጥቅሙም ይህ ነው፤ የሰው ሥጋ ከካርቦን፤ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ስለ ሆነ፤ ኦርጋኒኩ መሣሪያ ጨረሩን የሚቀበለው ለሥጋ በቀረበ ልክ ነው። ሲሊኮን ግን ኃይሉ ዝቅ ካለው የራጅ ጨረር ከሥጋ አብልጦ ስለሚይዝ ቍጥሩ መታረም አለበት። ደግሞም ኦርጋኒኩ እንደ ቀለም በስስ ፕላስቲክ ላይ ሊታተም፤ ከገላም ጋር ሊተጣጠፍ ይችላል። ጨረሩ በትራንዚስተሩ ውስጥ ሲያልፍ ከቦታቸው ከሚያስለቅቃቸው ኤሌክትሮኖች የተነሣ የሚፈጠረው ሙል በከፊል ተይዞ ስለሚቀር፤ ትራንዚስተሩን የሚከፍተው ቮልት ይለወጣል፤ የለውጡ መጠንም የጨረሩ ምስክር ነው። በ2016 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአንድ ቮልት በታች የሚሠራ ተጣጣፊ የራጅ መቀበያ አሳይተዋል።

ነገር ግን ያው ቅለቱ ጨረሩን ጥቂት ብቻ እንዲይዝ ስለሚያደርገው ምልክቱ ደካማ ነው። አየርና እርጥበት ይለውጡታል፤ የሚለካው ጨረርም ራሱ ያስረጀዋል። ያረጀ ሚዛን ይዞ መመዘን ደግሞ ካለመመዘን ይከፋል፤ ሰውን በሐሰት ያረጋጋልና።

ስለዚህ በሆስፒታሎቻችን ላይ የተሾሙት አለቆች አዲሱ እስኪመጣ ብለው ዛሬ ያለውን ባጅ ችላ ሊሉት አይገባም። በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ባጅ የሚለካው መሳቢያውን ነው። ውጤቱም በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ለባለቤቱ ሊነገረው ይገባል፤ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዛወርም መዝገቡ አብሮት ይሂድ፤ የአምስቱ ዓመት ድምር የሚቈጠረው በሰውየው እንጂ በሆስፒታሉ አይደለምና።