የቤሩቷ እህታችንና የጓዳችን ልጅ

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ሻንጣቸውን ተንተርሰው ያደሩትን እህቶቻችንን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ አንጀቱ ተላውሷል። የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ ብዙ «ማዳሞች» የሠሩበትን ደመወዝ እንኳ ሳይሰጧቸው አምጥተው ጣሏቸው። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ስላሰረው፣ ከቤቱ የወጣች ዕለት ሕገወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። መቆጣታችን ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው።

የሚያሳስበኝ ያ ቁጣ የራሳችን ጓዳ ጋ ሲደርስ መብረዱ ነው።

በደላላ ከገጠር አዲስ አበባ የመጣች ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። የልጆቹን ምሳ ትቋጥራለች፣ ታጥባለች፣ ትጋግራለች፣ እንግዳ ከመጣ ቡና ታፈላለች፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ፍራሿን ወጥ ቤት ትዘረጋለች። የማታ ትምህርት የተፈቀደላት እንደ ዕድለኛ ትቆጠራለች፤ እሷም ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያዳፋታል። እሑድ «እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ?» የምትለው ፊት አይታ ነው። «እንደ ልጃችን ነው የምናያት» እንላለን፤ ብዙዎቻችንም ከልባችን ነው። የወለድናት ልጅ ግን ለማረፍ ፊታችንን አታይም።

ሕጋችንም ቢሆን ከሊባኖሱ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ አገልግሎትን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ከጥላው ውጭ ትቶታል። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ለዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ድጋፍ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመግለጫው አንቀጽ 24 ዕረፍትንና የተወሰነ የሥራ ሰዓትን የማንኛውም ሰው መብት ያደርጋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው ኮንቬንሽን 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ደንግጓል።

ከእነዚህ ልጆች ጥቂት የማይባሉት ነገ ቤሩት ወይም ሪያድ ይሄዳሉ። እኛ ዘንድ ያለ ውል፣ ያለ ዕረፍት ማደርን ለምደው ነው የሚሄዱት። እዚያ ሲደርሱ «መብቴ ነው» እንዲሉ ማን አስለመዳቸው?

ደመወዟ፣ የሥራ ሰዓቷና የሳምንት ዕረፍቷ በጽሑፍ ይስፈር። ማንበብ ካልቻለች የምታምነው ሰው ያንብብላት፤ አንዱ ቅጂም በእጇ ይሁን። ለዚህ የሚኒስትሮች ምክር ቤትን መጠበቅ አያስፈልገንም።