መዋጯችን የት ይገባል?

በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳናም ሆነ በሳን ሆዜ ያለው ወገናችን ከደመወዙ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያወጣል። አንዱ ለእናት ቀለብ የሚላክ ነው፤ ሌላው «ለትግሉ» ተብሎ በአዳራሽ የሚዋጣ ነው። የሽብር ገንዘብን ለማገድ የሚወጣ ሕግ ሁለቱንም ይነካል።

ሕጉ መኖሩን አንቃወምም። ሰላማዊ ሰው የሚገድል ቡድን ጥይት የሚገዛው በገንዘብ ነውና ምንጩ መድረቅ አለበት። ጥያቄያችን «አሸባሪ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ለአሸባሪ ድጋፍ የሰጠ ሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። በሰኔ 2003 ፓርላማው ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ መዝገብ አሰፈረ። በሰኔ 2010 ሦስቱን ሰረዘ። በሚያዝያ 2013 ሕወሓትንና ሸኔን ፈረጀ፤ በመጋቢት 2015 ሕወሓትን ፋቀ። መንግሥት እያቀረበ ፓርላማ የሚያጸድቀው እንዲህ ያለ መዝገብ ከፍርድ ይልቅ የፖለቲካ ነፋስ ይቀናዋል።

አሜሪካም ከስህተት አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 የሶማሌዎቹን አል ባራካት ሐዋላ ዘጋች። የሴፕቴምበር 11ን ጥቃት የመረመረው ኮሚሽን ባለሙያዎች በ2004 ያወጡት ጥናት ግን ኤፍቢአይ የድርጅቱን ከሽብር ጋር መያያዝ ማረጋገጥ እንዳልቻለ ገለጸ። በመሐል የተጎዳው ተቆራጭ የሚጠብቀው ድሃ ነው።

እኛስ ንጹሕ ነን? በአዳራሽ ጨረታ ፎቶግራፍ በሺህ ዶላር ስንገዛ ደረሰኝ አንጠይቅም። «ሒሳቡ ይመርመር» ያለውን ወንድማችንን ወያኔ ብለን እናባርራለን። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት አባቶቻችን ግን ሰላይ አልነበሩም። ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማስተላለፍ እዚህ አገር እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል፤ የባንክ ሪፖርትን ለመሸሽ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነን ጥሬ ገንዘብ ከፋፍሎ ማስገባትም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ስለዚህ መንግሥታት ፍረጃውን በማስረጃና በነጻ ፍርድ ቤት ፊት ያድርጉት፤ የተፈረጀውም ይግባኝ ይበል። እኛም ለቤተሰብ በሕጋዊ መንገድ እንላክ፤ ለድርጅት ስንሰጥ ደረሰኝና የኦዲት ሪፖርት እንጠይቅ። አላሳይም ላለ አንስጥ። ገንዘቡ ላባችን ነው፤ የሰው ደም ማፍሰሻ እንዳይሆን መጠበቅም የእኛ ፈንታ ነው።