ፕሪአምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ዛሬ እንደ አንበሳሜ ባለች ከተማ ያለ ትንሽ ኅብረት እንኳ ባለ ብዙ ትራክ መቅረጫ ገዝቶ መዝሙሩን በቤት ውስጥ መቅዳት ይችላል። ጌታ ይመስገን። መቅረጫው ከተገዛ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ «ለብቻው የሚሸጠውን የማይክ ፕሪአምፕስ እንግዛ?» ለዚህም መባ ይሰበሰባል። የእኔ አስተያየት አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አትግዙ።

ከማይክ የሚወጣው ቮልቴጅ በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። ያን ደካማ ድምፅ ለመቀዳት እንዲበቃ የሚያሳድገው ፕሪአምፕ ነው። የማይክ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳና ጌይን የሚባለው መዞሪያ ያለው መቅረጫ ደግሞ ይህን ዕቃ በውስጡ ይዟል።

ፕሪአምፕ ማይኩ የሰማውን ሁሉ እኩል ያሳድጋል፤ ውሻውን፣ ጄኔሬተሩን፣ ከባዶው ግድግዳ የሚመለሰውን ማስተጋባት ለይቶ አይተውም። ሐምሌ ላይ በደቡብ ጎንደር ደጋ በቆርቆሮ ቤት ለመቅዳት የሞከረ ሰው የምለው ይገባዋል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር በማለዳ ቅዱ። ከዘማሪው ጀርባና ጎን ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቡ፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የዘማሪው ድምፅ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ያውም በነፃ!

ፕሪአምፕ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ኮንደንሰር ማይክ ኖሯችሁ መቅረጫው 48 ቮልት ፋንተም ፓወር የማይሰጥ ከሆነ ያስፈልጋል። እንደ ሹር ኤስ ኤም 7ቢ ያለ ደካማ ድምፅ የሚያወጣ ማይክም ወደ 60 ዴሲቤል ማሳደግ ይፈልጋል፤ ርካሽ መቅረጫ እዚያ ሲደርስ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ያመጣል። በቀስታ የሚመታ ክራር ስትቀዱም ይህ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ከገዛችሁ ታዲያ የፕሪአምፑን መውጫ ወደ መቅረጫው የላይን መግቢያ ስኩት። ወደ ማይክ መግቢያው ከተሰካ ድምፁ በሁለት ፕሪአምፕ ያልፍና ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ደኅናው ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል።

«ለጌታ የሚገባው ምርጡ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ ዋሽንትና ስለ ክራር ሲያነሣ (ርዕሰ ጉዳዩ ልሳን ቢሆንም) የሚጠይቀው ሰሚው የሚሰማውን መለየት መቻሉን ነው። በደርግ ዘመን የዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ መዝሙሮች ከካሴት ወደ ካሴት ይገለበጡ ነበር፤ በየቅጂው «ሽሽ» የሚለው ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል። ሕዝቡ ግን ቃሉን ለይቶ ሰምቶ በልቡ ያዘው።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ጤፉን ሸጦ ከሚሰጥ ገበሬ እጅ ጭምር የወጣ መባ ነው። እንግዲያው መጀመሪያ አንዱን መዝሙር ሁለት ጊዜ ቅዱት፤ አንዴ እንደ ወትሮው፣ አንዴ ጋቢውን ሰቅላችሁ ማይኩን አቅርባችሁ። በጉባኤው ላሉ እናቶች ሁለቱንም አሰሟቸውና ቃሉ የቱ ላይ እንደተሰማቸው ጠይቋቸው። በሁለተኛውም «ሽሽ» የሚለው ድምፅ ቃሉን ከሸፈነባቸው፣ ያን ጊዜ ስለ ፕሪአምፕ እንነጋገር።