ኮከቡ ለልጁ ነው ወይስ ለወላጁ?

በእስራኤል ባሉ ብዙ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጥፎ ይታያል። በአንድ በኩል የልጆቹ ስም፣ ከላይ የሳምንቱ ቀናት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ኮከብ፣ የሚስቅ ፊት ወይም ባዶ ቦታ። በሰዓቱ የመጣ፣ የቤት ሥራውን የሠራ፣ እጁን አውጥቶ ተራውን የጠበቀ ልጅ ማድበካ ይለጠፍለታል። አሥር ሲሞላለት ከሞራዋ ሳጥን ፕራስ ይመርጣል፤ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ትንሽ ኳስ፣ አንዳንዴም ከረሜላ።

ይህን የሰሙ አያቶች የሚያነሱት ጥያቄ የታወቀ ነው። «ልጅ ጨዋ ስለሆነ ይከፈለዋል እንዴ? ይሄ ጉቦ አይደለም ወይ?» ይሉና ነገሩን ትተውት ይሄዳሉ። መተው ግን አልነበረባቸውም፤ ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው።

በኢትዮጵያ ተማሪ ቤት የገባ ሰው ሽልማትን አያውቅም ማለት አይቻልም። አንደኛ የወጣ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለም ነበር፣ ይጨበጨብለትም ነበር። ነገር ግን ሽልማቱ በዓመት አንዴ፣ ያውም ከአንድ እስከ ሦስት ለወጡት ነው። አርጩሜው ግን በየቀኑ ነበር፣ ለሁሉም ይደርስ ነበር። የክፍሉ አለቃ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይጠብቃል፣ አስተማሪው ሲገባ የሚሆነው ይታወቃል። እዚህ አገር ይህ መንገድ በሕግ ተዘግቷል። በ2000 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ በትምህርት ቤት ልጅን መምታትም ሆነ ማዋረድን ይከለክላል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወላጅም ቢሆን ልጁን ለመቅጣት ብሎ መምታት እንደማይፈቀድለት ወስኗል። ስለዚህ ሠላሳ ልጅ ይዛ የቆመች ሞራ እጇ ላይ የቀረው ነገር ቃሏ፣ ፊቷና ያ ሰንጠረዥ ነው። ኮከቡን ከመናቅ በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

የአያቶቹ ጥርጣሬም ቢሆን ባዶ አይደለም። በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ተባሉ። ሁለተኛዎቹ ምንም ሳይነገራቸው ሣሉ፣ ከጨረሱ በኋላ ያንኑ ሽልማት በድንገት አገኙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አላገኙም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀለሙ እንደገና ሲቀርብላቸው፣ አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ለሥዕል ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። እንግዲህ ውኃ ቀድቶ ለመጣ ልጅ «ተባረክ፣ እደግ» ማለት ምን ነበር? ልጁ ውኃ የሚቀዳው ለምርቃቱ ብሎ አልነበረም፤ ምርቃቱ ግን ይመጣል፣ አንዴ ከተሰጠም ተመልሶ አይወሰድም። ጠዋት የሰጡትን ኮከብ ከሰዓት በኋላ የሚነቅሉ ክፍሎች አሉና ይህችን ልዩነት ቢያስቧት ጥሩ ነው።

ይህ ማለት ሰንጠረዡ ይቅር ማለት አይደለም። መቀመጥ ለሚያስቸግረው፣ ገና ክፍል ላልለመደ ልጅ፣ በጥቂት ነገር ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ይጠቅማል። ለመደ፣ ተስተካከለ፣ ቀስ እያለ ይነሳለታል። ችግሩ ዓመቱን ሙሉ ለሁሉም ልጅ በአንድ ሚዛን ሲሰቀል ነው።

ሚዛኑ ደግሞ የማን ነው? በማኅበረሰቡ ቤት ጨዋ የሚባለው ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይላል፣ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ካልጠየቁት አይመልስም። በክፍሉ ሰንጠረዥ ላይ ግን ኮከብ የሚያስገኘው መሳተፍ ነው፤ መናገር፣ ዓይን ማየት፣ «እኔ፣ እኔ» ማለት። ስለዚህ ቤቱ ያመሰገነው ልጅ ትምህርት ቤት ባዶ ቦታ ይለጠፍበታል። ሞራዋ ዝምታውን አለማወቅ ወይም ግድ ማጣት አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። ይህን የሚነግራት ሰው ከሌለ ከየት ታመጣዋለች? በግድግዳ ላይ ያለ ባዶ ቦታ እኮ ልጁ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ጓደኞቹም ይቆጥሩታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ ክፍል ኮከብ የሚሰጠው ወላጅ ደብዳቤ ፈርሞ ሲልክ፣ ለቲዩል የሚከፈለው በቀኑ ሲደርስ፣ እናት ወይም አባት አሴፋ ላይ ሲገኙ ነው። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው። እናት የማታ ፈረቃ ላይ ናት፣ ቤት ያለችው አያት ዕብራይስጥ አታነብም። ልጅቱ ደብተሯን ሠርታ፣ ቦርሳዋን አዘጋጅታ፣ በሰዓቱ ደርሳ ኮከቧን ታጣለች። ያው የ2000ው ሕግ ተማሪን ወላጁ ስላደረገው ወይም ሳያደርግ ስለቀረው ነገር መቅጣት ክልክል ነው ይላል። ኮከብ አለመስጠት ቅጣት አይደለም ብሎ የሚከራከር ይኖር ይሆናል። በስምንት ዓመት ልጅ ዓይን ግን ልዩነቱ የት ላይ ነው? ትምህርት ቤቱ ፊርማ ከፈለገ በአማርኛ ይላክ፣ ወይም መጋሸሩ ይደውል። የልጅቱ ኮከብ ልጅቱ በእጇ በምትሠራው ነገር ላይ ብቻ ይቁም።

ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ቦታ አላቸው። ብዙ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠሩት ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ ለማስታረቅ ነው። ጠብ በሌለበት ቀን ቢሄዱ ይሻላል፤ በሴፕቴምበር፣ የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ሰንጠረዡ ገና ባዶ ሳለ። ቄስም፣ አያትም፣ የሰፈር ሽማግሌም ከወላጅ ጎን ተቀምጦ ሞራዋን በአክብሮት ይጠይቅ። ይሄ ኮከብ ለምኑ ነው? ዝም ያለው ልጅ በምን ያገኘዋል? ከነዚህ መሃል ልጁ ያለ ወላጁ ዕብራይስጥ፣ ያለ ወላጁ ገንዘብና ጊዜ ሊያገኘው የማይችለው የትኛው ነው? መልሱንም የሚያስተረጉም ትልቅ ሰው ይኑር፤ ልጁ ስለ ራሱ የተባለውን ለአያቱ እንዲያስተረጉም አይደረግ።