ኮምፒዩተሩ በማን ክፍል ይቀመጣል?

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ምግብ፥ ስለ ንጽሕናና ስለ ጥናት ሰዓት ነው። ዛሬ ግን አንድ የቤት ዕቃ በየትኛው ክፍል እንደሚቀመጥ ለመናገር እንወዳለን። ዕቃውም ኮምፒዩተር ነው።

በአሜሪካን አገር በ1984 ዓ. ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኮምፒዩተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ከተመረቁት ከመቶው 37 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በ2010 ዓ. ም. ገደማ ግን ቍጥሩ ወርዶ ከመቶው 18 ያህል ሆነ። ሥራው ለሴት አይስማማም እንዳይባል፥ በ1945 ዓ. ም. ኤኒያክ የተባለውን ታላቅ የሒሳብ መኪና ለስሌት እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ስድስት ሴቶች ናቸው። በማግሥቱ ዓመት መኪናው ለሕዝብ ሲታይ ስማቸው አልተጠራም።

ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ሁለት ምሁራን ከ1995 ዓ. ም. ጀምሮ በፒትስበርግ ከተማ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከመቶ የሚበልጡ የኮምፒዩተር ተማሪዎችን እየጠየቁ መረመሩ፤ በ2002 ዓ. ም. ደግሞ መጽሐፍ አሳተሙ። የነገሩን ሥር ያገኙት ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ሳይሆን ከቤት ነው። ብዙ ቤተ ሰቦች ኮምፒዩተር ሲገዙ ያስቀመጡት በወንድ ልጃቸው መኝታ ቤት ነበር። ልጁ ሲፈታው ሲገጥመው፥ አባቱም ከጎኑ ሆኖ ሲያሳየው፥ እኅቱ ከዳር ሆና ትመለከት ነበር። እንዳትነካው ማንም አልከለከላትም፤ ክፍሉ ግን የእርሷ አይደለም። በእኛም ቤት ቢሆን ቡናውን የምታፈላው እኅት፥ አዲሱን ስልክ ከካርቶኑ የሚያወጣው ወንድም መሆኑን ያልታዘበ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፥ ከልጅነታቸው ጀምሮ ፕሮግራም ሲጽፉ ካደጉ ወጣቶች አጠገብ ትቀመጣለች። እነርሱ በሙያው ቋንቋ ሲነጋገሩ ስትሰማ፥ ከክፍሉ ሁሉ ያልገባት እርሷ ብቻ እንደ ሆነች ታስባለች። የሚያሳዝነው፥ ትምህርቱን ትተው ከወጡት ሴቶች ብዙዎቹ በማርካቸው የሚያፍሩ አለመሆናቸው ነው። የጎደለባቸው ዕውቀት ሳይሆን፥ ቦታው የእኔ ነው የሚል ልብ ነበር።

ጥቁር ለሆነች ተማሪ ደግሞ ብቸኝነቱ እጥፍ ነው። አዲስ አበባ ያደጉት ዶክተር ረድኤት አበበ በ2019 ዓ. ም. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ሲቀበሉ፥ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ በዚህ ሙያ ለማዕርጉ የበቁ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆኑ። ከኤርትራውያን ወላጆች በአዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩም (ትምኒት በትግርኛ ምኞት ማለት ነው) በ2016 ዓ. ም. በባርሴሎና በተደረገ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ከብዙ ሺህ ተሰብሳቢ መካከል ያዩዋቸው ጥቁሮች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሁለቱ ወይዛዝርት በ2017 ዓ. ም. ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን ማኅበር ከመሠረቱት መካከል ናቸው።

ካርኔጊ ሜለን ነገሩን ከተረዳ በኋላ፥ ለመግቢያ የቀድሞ ፕሮግራም የመጻፍ ልምድን ማስቀደም ተወ፤ ለጀማሪውና ለለመደውም የተለያየ የመጀመሪያ ኮርስ አዘጋጀ። በ1995 ዓ. ም. ከገቢ ተማሪዎች ከመቶው 7 ብቻ የነበሩት ሴቶች በ2000 ዓ. ም. 42 ደረሱ። በካሊፎርንያ የሚገኘው ሃርቪ ማድ ኮሌጅም እንደዚሁ ጀማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ያዘ፤ በዚያም በኮምፒዩተር ትምህርት ከመቶው 10 ገደማ የነበሩት ሴቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 40 ከፍ አሉ። በክፍል ውስጥ ሁሉን እኔ ልመልስ የሚለውን ተማሪ መምህሩ ለብቻው ጠርቶ፥ ዕውቀቱን እያመሰገነ፥ ጭውውታቸውን ከክፍል ውጭ እንዲያደርጉት ይለምነዋል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ሁላችንም ከየትምህርት ቤታችን እናውቀዋለን፤ በትሕትና ዝም የሚያሰኘው መምህር ግን ብዙ ጊዜ አላጋጠመንም።